የመጀመሪያ የቴራፒ ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው፤ ገብቼ ምን ልበል?

ሐሙስን ጠባቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስከዛሬ አንብቤ ብቻ ነበር የምወጣው። ዛሬ ግን ጨነቀኝና ጻፍኩ።

ዓመት ሙሉ "ነገ እደውላለሁ" ስል ከርሜ ባለፈው ሳምንት ደወልኩ። በግል የምትሠራ ሳይኮሎጂስት ናት። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ስልኩን ስዘጋ ደስ አለኝ፤ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ምን ብዬ ነው የምጀምረው? የሞተብኝ ሰው የለም። ይሄ ነው የሚባል መከራ አልደረሰብኝም። ሥራ አለኝ፣ ጓደኞች አሉኝ። ብቻ ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት ራሴን 40 ደቂቃ እለምናለሁ። በቀደም ብርጭቆ ሰብሬ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ብርጭቆ እኮ ነው! "ይቺ ደግሞ ምን ጎድሏት መጣች" ብትለኝስ? የምናገረው ቢጠፋኝስ? የምነግራት ነገርስ የት ነው የሚሄደው?

የሄዳችሁበት ካላችሁ እንደወረደ ንገሩኝ። "አይዞሽ" ብቻ አትበሉኝ። ገብቼ ከተቀመጥኩ ጀምሮ እስክወጣ ምን እንደሚሆን ነው ማወቅ የፈለግኩት።

ባለ ሁለት ዓመት፦

እንኳን ደወልሽ። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ስልኩ ነበር። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሲነሳ ዘግቻለሁ።

እንደወረደ ካልሽ፣ የመጀመሪያው ቀን ትውውቅ ነው። ቅጽ ትሞያለሽ። የምትወስጂው መድኃኒት፣ እንቅልፍሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽ፣ መጠጥ፣ አንድ ነገር ቢፈጠር የሚደወልለት ሰው፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል። የስምምነት ወረቀትም ይኖራል፤ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። ቀጠሮ ስትሰርዢ ምን እንደሚደረግ እዚያ ላይ ነው ያለው። ብዙዎቹ ከ24 ወይም ከ48 ሰዓት በፊት ካልነገርሻቸው ሙሉውን ያስከፍላሉ። እኔ አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ጠዋት ደውዬ ቀረሁና ከፈልኩ። አንገበገበኝ፤ ግን ፈርሜበታለሁ።

ከዚያ "ምን አመጣሽ?" ወይም "ለምን አሁን?" ትልሻለች። ይቺን ሁለተኛዋን ቤት ሆነሽ አስቢባት። ዓመት ሙሉ ያልደወልሽ ሰው ባለፈው ሳምንት ምን አስደወለሽ?

ሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ 50 ደቂቃ ነው፤ 45 የሚያደርጉም አሉ። የቀረችው ጊዜ ማስታወሻ መጻፊያቸውና መተንፈሻቸው ናት። ስለዚህ "ሰዓታችን አለቀ" ስትባይ አትቀየሚ። እኔ ተቀይሜ ነበር፤ ወሬዬ የሰለቻት መስሎኝ። በኋላ ሳስተውል የግድግዳ ሰዓቱ ከእኔ ጀርባ ነው የተሰቀለው። እኔን እያየች ሰዓቱንም ታያለች። ሶፍት ደግሞ ሁለት ቦታ ተቀምጧል። እንባ እዚያ ቤት እንግዳ አይደለም።

ተጠራጣሪ ነኝ፦

እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ ይሄ ነገር አይገባኝም። ለማያውቁት ሰው ሆድን ዘርግፎ፣ በዚያ ላይ ገንዘብ ከፍሎ መውጣት? ጓደኛ ታዲያ ለምኑ ነው?

ዝምተኛው፦

ወንድሜ፣ እኔም ቃል በቃል እንደዚህ ስል ነበር።

ለጓደኛዬ ስነግረው ፊቱን እያየሁ ነው። ሲደነግጥ ነገሩን አቀለዋለሁ። ደግሞ ተራ አለ፤ እኔ ትንሽ ካወራሁ በኋላ እሱም የራሱን ያመጣል፣ መስማት አለብኝ። ሚስቴንም ያውቃታል። ስለዚህ ግማሹን ሆድ ይፍጀው ብዬ እመለሳለሁ። ቴራፒስቱ ጋ 50ውም ደቂቃ የእኔ ነው። ደነገጠ አልደነገጠ ብዬ አልጨነቅለትም።

የመጀመሪያ ቀን ግን አትጠይቀኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ስለ መሥሪያ ቤቴ ፕሪንተር ነው ያወራሁት። ወረቀት ይነክሳል፣ ቀለም ይተፋል፣ ማንም አያሠራውም። እሱ ዝም ብሎ ሰማኝ። በመጨረሻ "ፕሪንተሩ ሲበላሽ ለምን ሁልጊዜ አንተን ይጠሩሃል?" አለኝ። ለምን እኔን? ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ እሷን ጥያቄ ስመልስ።

ስለዚህ ሐሙስን ጠባቂ፣ የምትናገሪው አይጠፋም። ቢጠፋም "የምለው ጠፋኝ" ማለትም አንድ ወሬ ነው። ዝምታ ሲመጣ አትደናገጪ። እነሱ ዝምታ ይችላሉ፤ ውጭ ያለነው ነን የማንችለው።

ወንበሩ ማዶ፦

እኔ ከማዶ ያለው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው፤ ካውንስሊንግ ሥራዬ ነው። የቀሩትን ጥያቄዎችሽን ልሞክር።

"ምን ጎድሏት" ላልሽው፦ እኔ ጋ የሚመጣው ሰው ብዙው "ከእኔ የባሰ ስንት አለ" እያለ ይቅርታ በመጠየቅ ነው የሚጀምረው። ለመምጣት ይሄን ያህል መከራ ያስፈልጋል የሚል ልክ የለም። ጠዋት 40 ደቂቃ ራስሽን መለመንሽ በቂ ነው። ልክ እንደዚያ ብለሽ ንገሪያት፤ ብርጭቆውንም ጨምሪ። "ድብርት አለብኝ መሰለኝ" ከምትያት ይልቅ ብርጭቆው ብዙ ይነግራታል።

ሚስጥርሽ እዚያው ይቀራል፤ ግን ድንበር አለው። ድንበሩንም በመጀመሪያው ቀን ልትነግርሽ ይገባል። ራስሽን ወይም ሌላ ሰው ልትጎጂ የምትችይበት የቅርብ አደጋ ካለ፣ ሕፃን ልጅ እየተጎዳ መሆኑን ካወቀች፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ ዝም ማለት ላትችል ትችላለች። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። ስለዚህ "የማትጠብቂልኝ ሚስጥር የቱ ነው?" ብለሽ ጠይቂያት፤ በዚህ የሚቆጣ ባለሙያ የለም። እኛም ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ጋ ሄደን ስለ ሥራችን እንማከራለን፤ ሱፐርቪዥን ይባላል። የሰውየው ማንነት ግን እዚያ አይነሳም። ሌላው፣ ኢንሹራንስ የሚከፍልልሽ ከሆነ የምርመራ ውጤት ሊጠይቃት ይችላል። ይሄንንም ቀድመሽ አጣሪ።

መጠይቅ ልትሰጥሽም ትችላለች። ፒኤችኪው-9 የሚባለው ስለ ድብርት ነው። 9 ጥያቄ ነው፤ ያለፉትን 2 ሳምንታት ብቻ ይመለከታል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፤ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። ጋድ-7 ደግሞ የጭንቀቱ ነው፤ 7 ጥያቄ፣ ቢበዛ 21። ፈተና አይደለም። ሳምንታት ካለፉ በኋላ እንደገና ሞልተሽው ምን ተለወጠ ብላችሁ ታያላችሁ።

ዘጠነኛዋ ጥያቄ ላይ የብዙ ሰው እጅ ይቆማል። "ብሞት ይሻለኛል" ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ እንደሆነ የምትጠይቀው ናት። እውነቱን ብጽፍ ሆስፒታል ያስገቡኛል ብሎ ፈርቶ 0 የሚያከብ አለ። ሐሳቡ መምጣቱ ብቻውን የትም አያስገባሽም። ቀጥለን የምንጠይቀው አለ፦ ምን ያህል ጊዜ ይመጣል? ዕቅድ አለው? ማድረጊያው በእጅሽ አለ? በመልሱ ላይ ተመሥርተን አብረን ነው መላ የምንፈልገው። ሐሳቡ አሁን የበረታበት ሰው ይሄን እያነበበ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቅ። ቅርቡ ወዳለ የድንገተኛ ሕክምና ይሂድ፤ ብቻውንም አይሂድ።

የሦስት ልጆች እናት፦

ልጄ፣ እኔ በ61 ዓመቴ ነው የጀመርኩት። ባለሙያ ያላሉሽን አንድ ነገር ልንገርሽ፦ ከቀጠሮው በኋላ ምንም እንዳትይዢ። ስብሰባ የለ፣ ሰው ጋ መሄድ የለ። የመጀመሪያ ቀን ወጥቼ መኪናዬን ያቆምኩበት ጠፋኝና ግማሽ ሰዓት ዞርኩ። ቤት ስገባ ከነጫማዬ ተኛሁ። ድካሙ እንደ ጉልበት ሥራ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ስንት ዓመት ዘግቼበት የኖርኩት ነገር ነዋ። ልተወው ብዬ ነበር። ነገርኳት። "እናዘግየው" አለችኝና አዘገየነው። ለካ መዘግየትም ይቻላል።

ሐሙስን ጠባቂ፦

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ወንበሩ ማዶ፣ እርስዎን ደግሞ ላስቸግር። ስንት ጊዜ ነው የምሄደው? መድኃኒት ታዝልኛለች? ሴትየዋ ካልተስማማችኝስ ምን አደርጋለሁ?

ወንበሩ ማዶ፦

መድኃኒት የሚያዘው በአብዛኛው የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው፤ ሳይካትሪስት የምንለው። እሱ መጀመሪያ የሕክምና ዶክተር ነው። ሳይኮሎጂስትና ካውንስለር ከጥቂት ቦታዎች በቀር መድኃኒት አያዙም። ያስፈልጋል ብላ ካሰበች ትልክሻለች፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን የሚያስኬድ ብዙ ሰው አለ። አስቀድመሽ የደም ምርመራ ብታደርጊም ጥሩ ነው። የታይሮይድ እጢ ሥራ መቀነስና የደም ማነስ ድካማቸው ከድብርት ጋር ይመሳሰላል።

ስንት ጊዜ ለሚለው፣ እንደ ችግሩና እንደ አካሄዱ ነው። ሲቢቲ የሚባለው፣ አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስጀመረው፣ የሐሳብንና የድርጊትን ልማድ የሚመረምር አካሄድ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ቀጠሮ ይፈጃል። የቤት ሥራም አለው፤ ያልሠራም ይመጣል፣ አይገረፍም። የልጅነትንና የግንኙነትን ሥር የሚቆፍረው ደግሞ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ በሰፊው የሚጠቀስ ጥናት አለ፤ በ8ኛው ቀጠሮ ገደማ ግማሽ ያህሉ፣ በ26ኛው ሦስት አራተኛው ሰው ለውጥ ማሳየቱን አግኝቷል። አማካይ ነው እንግዲህ፤ አንቺ አማካይ ላትሆኚ ትችያለሽ። አራት አምስት ቀጠሮ ላይ "እንዴት እየሄድን ነው?" ብለሽ ጠይቂያት። እሷ ቀድማ ብትጠይቅ ደግሞ ደስ ይለኛል።

አለመስማማቱን ከእኔ ይልቅ የደረሰበት ሰው ቢናገር ይሻላል።

ቁልፉ የጠፋበት፦

የደረሰበት ሰው አቤት።

የመጀመሪያው ቴራፒስቴ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ፊቱ ወደ ላይ አድርጎ ያስቀምጣል። ሲበራ ያየዋል። ስለ ፍቺዬ ስነግረው "እኔም ስፋታ" ብሎ ጀመረና ሩብ ሰዓት የራሱን ነገረኝ። አጽናንቼው ወጣሁ! በሦስተኛው ቀጠሮ "በቃ ይቅር በላት" አለኝ። ከፈልኩ፣ ሄድኩ፣ አልተመለስኩም። የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። "ቴራፒ ሞክሬው አልሠራልኝም" እያልኩ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። ያልሠራው እኮ ሰውየው ነው።

ሁለተኛዋን ስፈልግ ቀድሜ ደወልኩና ጥያቄ ጠየቅኩ። የሙያ ፈቃድ አለሽ? በምን ሠለጠንሽ? እንደ እኔ ያለ ሰው ጋር ምን ታደርጊያለሽ? ዋጋሽ ስንት ነው፣ እንደ አቅም ትቀንሻለሽ ወይ? የመጨረሻዋን ስጠይቅ ላብ አሰመጠኝ፤ ግን ቀነሰችልኝ። ጥያቄ ሲበዛባቸው የሚሻክሩ አሉ። የሻከረው ጋ አትሂጂ፣ አለቀ።

ሐሙስን ጠባቂ፦

ታዲያ ሰውየው መጥፎ ነው ወይስ ነገሩ ራሱ ነው ያመመኝ የሚለውን በምን አውቃለሁ? እኔ ሐኪም ሲነካኝም አኩራፊ ነኝ።

ወንበሩ ማዶ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ኤድዋርድ ቦርዲን የሚባል ሳይኮሎጂስት የሥራ ግንኙነቱን በሦስት ከፍሎት ነበር፦ ወዴት እንደምትሄዱ መስማማት፣ በምን መንገድ እንደምትሄዱ መስማማት፣ እና በመሃላችሁ ያለው መተማመን። የቱ እንደጎደለ ለማየት ይረዳል። "ትወደኛለች፣ ግን ምን እየሠራን እንደሆነ አላውቅም" የሚል ሰው አለ። እሱ በንግግር ይስተካከላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ለራሷ ንገሪያት። "ባለፈው ያልሽኝ ነገር ከነከነኝ" በያት። ጥሩ ባለሙያ ይሄን ስትሰማ ወደ ፊት ጠጋ ትላለች። ብትከላከል፣ ብትቆጣ፣ ወይም ጥፋቱን ወደ አንቺ ብታዞረው መልስሽን አግኝተሻል።

የማይነገርባቸው፣ ዝም ብሎ የሚወጣባቸውም አሉ። ከደንበኛው ጋር የፍቅር ወይም የወሲብ ግንኙነት የሚፈልግ፣ ገንዘብ የሚበደር፣ ንግድ አብረን እንጀምር የሚል፣ "ይሄን ለማንም እንዳትነግሪ" የሚል። ይሄ የመስማማት ጉዳይ አይደለም። ፈቃድ ለሚሰጠው አካል የሚከሰስበት ጥፋት ነው።

ከመኪና ውስጥ፦

ለኦንላይን ተጠቃሚዎች በአጭሩ፦ እኔ የቆመ መኪናዬ ውስጥ ነው የማደርገው፤ ቤቴ ግድግዳው ጆሮ አለው። ኢርፎን ይኑራችሁ። መስመር ቢቋረጥ ማን ለማን እንደሚደውል ቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ እንባዬ በመጣበት ሰዓት ስክሪኑ ደርቆ እሷ አፏን ከፍታ ቀረች። ሳቄ መጣ።

ሐሙስን ጠባቂ፦

ሄጄ መጣሁ። ከነጫማዬ ተኝቼ ነው የምጽፈው።

ሩብ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ፤ መጸዳጃ ቤት ሁለት ጊዜ ገባሁ። ክፍሏ ውስጥ ሁለት ወንበርና አንድ ሶፋ አለ። "የት ልቀመጥ?" አልኳት። "ደስ ያለሽ ቦታ።" ፈተና መሰለኝና ቆሜ ቀረሁ። ሳቅ አለችና "እኔ ይሄኛው ላይ ነው የምቀመጠው፤ ከቀረው ምረጪ" አለችኝ። ቤት ሆኜ የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤ ነበር። እጄ ውስጥ ጨምቄ ጨምቄው ራሰ፤ አንዴም አልከፈትኩትም።

ቅጹ፣ ሚስጥሩ፣ መጠይቁ ልክ እንዳላችሁት ነው። ዘጠነኛዋ ላይ እጄ ቆመ፤ ከዚያ 1 አከበብኩ። አልጮኸችም፣ ለማንም አልደወለችም። ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።

ብርጭቆውን ስነግራት አላለቀስኩም። ያስለቀሰኝ ሌላ ነው። "እንደዚህ መሆንሽን ማን ያውቃል?" አለችኝ። ላስብ ብዬ ቀና አልኩ፤ አንድም ሰው የለም። ሶፍቱ ያለው በቀኜም በግራዬም ነው፣ ባለ ሁለት ዓመት፤ እውነትሽን ነው።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ግን ሠራሁ። ሰዓት አልቆ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ እጄ የበሩ እጀታ ላይ ሆኖ ዞር አልኩና "እ... ከእህቴ ጋ ከተነጋገርን ደግሞ ሁለት ዓመታችን ነው" ብያት ወጣሁ። ለምን አሁን? 50 ደቂቃ ሙሉ የት ነበርኩ?

ወንበሩ ማዶ፦

በር ላይ ዋናውን ነገር መጣል በሙያው የታወቀ ነው፤ በእንግሊዝኛ በበር እጀታ ነው የሰየሙት። በር ላይ ሲሆን ማምለጫው ቅርብ ነው። ጽፋ ይዛዋለች፤ አትጨነቂ።

ሐሙስን ጠባቂ፦

ሦስተኛውን ዛሬ ጨረስኩ። ጽፋ ይዛው ነበር።

ግን ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ስለ እህቴ ስነግራት "ሁለታችሁም ተጎድታችኋል" አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ተብከነከንኩ። እንዴት ሁለታችሁም? ልቅር ብዬ ስልኩን አንስቼ ነበር፤ የ24 ሰዓቱ አልፎ ገንዘቡ አሳሳኝ። ገብቼ ሳልቀመጥ "ያልሽኝ ነገር አስከፍቶኛል" አልኳት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። እውነትም ጠጋ አለች። "ቸኩያለሁ። አንቺን ሳልጨርስ ወደ እሷ ሄድኩ፤ እስቲ ካንቺ እንጀምር" አለችኝ። ለሰው "አስከፍተኸኛል" ብዬ ስናገር ይሄ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ። ለእህቴም ብዬያት አላውቅም። ጠዋት አሁንም ራሴን እለምናለሁ፤ ዛሬ 25 ደቂቃ ነው የፈጀው።

ተጠራጣሪ ነኝ፦

እንኳን ደስ ያለሽ። ዝምተኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ለራሴ አይደለም ብዬ አልዋሽህም። ሲደወል ምንድነው የሚባለው? የሚያነሳው ራሱ ሰውየው ነው?

ዝምተኛው፦

አንዳንዴ ራሱ፣ አንዳንዴ ጸሐፊ። "ቀጠሮ ፈልጌ ነበር" ትላለህ። "ስለ ምን ጉዳይ?" ካሉህ "ስንገናኝ እናወራለን" በል፤ አያስጨንቁህም። ስትደውልም ሰው የሌለበት ቦታ ሁን።

ተጠራጣሪ ነኝ፦

ደወልኩ። ማንም አላነሳውም፤ "መልእክት ይተዉ" አለኝ።

ዝምተኛው፦

ተውክ?

ተጠራጣሪ ነኝ፦

ስሜን ብቻ።

ባለ ሁለት ዓመት፦

ወንድሜ፣ ስልክ ቁጥርህንም ጨምረህ ተው እንጂ!